ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው?

ከደባርቅ ተነሥቶ፣ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ አምቢኮ የሚያድር እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ዋልያና ስለ ራስ ደጀን ነው። ስለ ሰዉ የሚጠይቅ ሲገኝ ደስ ይለኛል። የስሜን ተራራ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድም፣ አገር ነበረና።

ቤተ እስራኤል በእነዚህ ተራሮች የራሳቸው መሪና አምባ ነበራቸው። ነፃነታቸው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አከተመ። ርስት ያጣው ሰው የሌላውን መሬት እያረሰ በእጁ ሙያ ኖረ፤ ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሸመነ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም ነበር፤ እነሱም ያለ ገበሬው እህል አያድሩም ነበር።

ቋንቋቸው የአገሬው ቋንቋ ነበር፤ ኦሪትን በግእዝ ያነቡ ነበር፣ ቀሳውስትም ነበሯቸው። እምነታቸውን ግን አጥብቀው ጠበቁ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ያጠፉ ነበር። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ በጉን ከነነፍሱ ያስረክባቸው ነበር፤ እነሱ በሥርዓታቸው አርደው፣ በራሳቸው ዕቃ ሠርተው ይበሉ ነበር። ደጋሹ አላስቀየመም፣ እንግዳውም ሃይማኖቱን አልጣሰም።

የሚያሳፍረውንም መናገር ግድ ነው። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነበር። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ወጡ፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። በግንቦት 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። እስራኤልም ሲደርሱ ይሁዲነታቸው ጥያቄ ውስጥ ገባ፤ የቀሳውስቱ ሥልጣን ተገፋ። እነሱ ግን ስግድ የተባለውን በዓላቸውን አልተዉም፤ በ2000 ዓ.ም. በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆነ። እዚህ አገር ደግሞ፣ ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጣ ወለቃ ላይ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ዛሬም ይሸጣል፤ ሠሪዎቹ አሁን በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ለወጣት አስጎብኚዎች የምለው ይህን ነው፦ «ተከባብረን ኖርን» ብቻ ብሎ ማለፍ ግማሽ እውነት ነው። ከነነፍሱ የተሰጠው በግም፣ «ቡዳ» የሚለው ስድብም አብረው ይነገሩ። አናሳ ሆኖ መኖር የአናሳው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ብዙኃኑ ቦታ ሲለቅለት ነው የሚቀልለው። ዛሬም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሚናቅበት መንደር አለ። እንግዳ ፊት ስለ ትናንቱ የምንናገር ሁሉ፣ በየቀያችን ይህን ንቀት ደፍረን እንቃወም።