የቀለህ ማኅተም

በአገው ምድር፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ አካባቢ ማሳውን የሚያርስ ገበሬ በማረሻው ጫፍ አሮጌ ቀለህ ቢያወጣ፣ «ይህ የማን ጥይት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል፤ ይኸውም «ማን ሠራው?» እና «ማን ተኮሰው?» የሚሉትን ነው። ቀለሁ በቀጥታ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቀለህ ባሩዱን የሚይዘው የናስ ቀፎ ነው። በክብ ግርጌው መካከል የጠመንጃው መምቻ የሚያርፍባት ትንሽ ክዳን ትገኛለች። በክዳኗ ዙሪያ በናሱ ላይ የታተሙት ፊደላትና ቁጥሮች የሠሪው ማኅተም ናቸው። ማኅተሙን ለማንበብ ተብሎ ቀለህ በአሸዋ አይፈተግም፤ ዝገቱ ሲለቅ ፊደሉም አብሮ ይጠፋልና። እርሳሱ ከአፉ ያልወጣ ጥይት ግን ምንም ያህል ቢያረጅ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይነካም፤ ባለበት ትቶ ለፖሊስ ማስታወቅ ይገባል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ባዶ ቀለህ ላይ «ኤስ.ኤም.አይ.» የሚሉ የላቲን ፊደላትና «936» የሚል ቁጥር ተነበቡ እንበል። ፊደላቱ «ሶሲየታ ሜታሉርጂካ ኢጣሊያና» የተባለውን የኢጣሊያ ኩባንያ ያመለክታሉ። ቁጥሩ ተራ ቁጥር ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ኢጣሊያውያን የመጀመሪያዋን አንድ ትተው የጻፉት 1936 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1928 ወይም 1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በሌላ በኩል «ኬ» የሚለው ፊደል ከዓመቱና ከሮማውያን ቁጥር ሰባት ጋር ቢገኝ፣ ጥይቱ በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም፣ በኪኖክ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ሰባቱም የጥይቱን ዓይነት እንጂ ዘመኑን አይገልጽም።

ማኅተሙ የጠፋ እንደ ሆነ ልኬት ይረዳል። የኢጣሊያው ጥይት 6.5፣ የእንግሊዙ 7.7 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይት 11 ሚሊሜትር ነው። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የተወረሰ ነው።

የውጅግራ ቀለህ ግን አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ባዶው ቀለህም ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ዳግመኛ ይተኮስ ነበር። ስለዚህ የፓሪስ ማኅተም ያለበት ቀለህ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላው በአገር ቤት አንጥረኛ እጅ ሊሆን ይችላል።

የኢጣሊያውም ቀለህ ቢሆን የተኳሹን ማንነት አያረጋግጥም። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የጎጃም አርበኞች ከጠላት በማረኩት ጠመንጃና ጥይት ይዋጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው በበላያ በኩል ሲመጡ፣ አብሯቸው የዘመተው በእንግሊዞች የሚመራ ጦር የራሱን ጥይት ይዞ ገባ። በየካቲት ወርም ኢጣሊያውያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ።

እንግዲህ ባለ «936» ቀለህና የ1940 ማኅተም ያለበት የኪኖክ ቀለህ በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ቢገኙ፣ የኪኖኩ ከታኅሣሥ 1932 ዓ.ም. በፊት ከዚያ ሊወድቅ እንደማይችል በእርግጥ ይታወቃል። የኢጣሊያው ግን ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በወራሪውም ሆነ በአርበኛው እጅ ተተኩሶ ሊሆን ይችላል።