ማስታገሻው የማይደርስበት ሴል

አስም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የደረት መጥበብ ነው። በአየር ቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል፣ ሳልቡታሞል የተባለው ማስታገሻ ሲሳብ ደግሞ ደረት ይለቃል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በብዙ ሕመምተኞች ቧንቧ ውስጥ፣ ደህና ነኝ በሚሉበት ቀን እንኳ፣ ውስጥ ውስጡን የሚቀጥል መቆጣት አለ። ከዚህ መቆጣት ዋና ተዋናዮች አንዱ ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ነው። ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል እንጂ ይህን ሴል አይነካውም። ስለዚህ ማስታገሻ ብቻ ይዞ ከአስም ጋር መኖር አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሴሉን እ.ኤ.አ. በ1879 በቀለም ለይቶ ያሳየው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አስኳሉ ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ዙሪያውን ደማቅ ቀይ ፍሬዎች ሞልተውታል። ፍሬዎቹ የያዙት ፕሮቲን መርዘኛ ሲሆን የአንጀት ትልን በመሳሰሉ ጥገኛ ተውሳኮች ላይ የሚረጭ መሣሪያ ነው። በአስም ጊዜ ግን ይኸው መርዝ የሚፈሰው በራሱ በሕመምተኛው ቧንቧ ላይ ነው፤ የውስጥ ሽፋኑን ይልጣል፣ ንፍጡንም ያወፍራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች በአስም ሕመምተኞች አክታ ውስጥ ሁለት ጫፋቸው የሾለ ክሪስታሎችን አይተው ነበር። ክሪስታሎቹ የሚሠሩት ከዚሁ ሴል በሚወጣ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤልጂየም ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ክሪስታሎቹ ራሳቸው ሳንባን እንደሚያስቆጡ አሳይተዋል።

አክታ የሚናገረውን በጊዜ የሰማው ብሪታንያዊው ሐኪም ሃሪ ሞሮ ብራውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ የሚረዳቸው አክታቸው ውስጥ ኢኦሲኖፊል የበዛባቸው ሕመምተኞች መሆናቸውን አስረዳ። የሚያሳዝነው፣ ይህ ግኝት ለአሥርተ ዓመታት ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ መቆየቱ ነው።

ሴሉ ንጹህ ነው የሚሉ ተከራካሪዎችም ነበሩ፤ ማስረጃቸውም ቀላል አልነበረም። ኢኦሲኖፊል እንዲበዛና ዕድሜው እንዲረዝም የሚያደርገውን ኢንተርሊዩኪን-5 የሚያግድ መድኃኒት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሞከር፣ በደም ውስጥ ያለው ኢኦሲኖፊል ቢቀንስም የቧንቧው በቀላሉ የመኮማተር ባሕርይ አልተለወጠም። በ2007 ደግሞ ሜፖሊዙማብ የተባለው ይኸው መድኃኒት በ362 ሰዎች ላይ ተሞክሮ የረባ ጥቅም አላሳየም። ይሁንና ተሳታፊዎቹ ሲመረጡ ኢኦሲኖፊል ይብዛባቸው አይብዛባቸው አልታየም ነበር። በ2009 የእንግሊዝና የካናዳ ተመራማሪዎች ስቴሮይድ እየወሰዱም አክታቸው ውስጥ ኢኦሲኖፊል ያልጠፋላቸውን መርጠው ያንኑ ሜፖሊዙማብ ሰጡ፤ ከባድ የአስም ማገርሸት በግልጽ ቀነሰ። በእኔ እምነት ክርክሩ እዚህ ላይ ተፈቷል። ቧንቧ በቀላሉ መኮማተሩና በሽታው በየጊዜው ማገርሸቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሴሉ ይበልጥ የሚጠየቀው በሁለተኛው ነው።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፣ ለድሀ ምን ይፈይዳሉ የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኢኦሲኖፊልን የሚቀንሰው መድኃኒት ከሞላ ጎደል በእጃችን ያለ ነው፤ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ። ችግሩ ቶሎ የሚሰማ እፎይታ አለመስጠቱ ነው፤ በቀናትና በሳምንታት ስለሚሠራ ሰው አልረዳኝም ብሎ ይተወዋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። እርግጥ ሁሉም አስም የኢኦሲኖፊል አይደለም፤ በተለይ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ሌሎች ሴሎች የሚያይሉበት ዓይነት አለ፣ ስቴሮይድም ያን ያህል አይረዳውም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዚያ የደም ኢኦሲኖፊልን ከፍ ስለሚያደርጉ የደም ቁጥሩ ብቻውን አስምን አይመሰክርም። እንዲያውም በጅማ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል። ሴሉ በደም መብዛቱና በቧንቧ ውስጥ ጉዳት ማድረሱ አንድ አይደሉምና፣ ሐኪሙ ቁጥሩን ከሕመምተኛው ታሪክና ከትንፋሽ ምርመራው ጋር አያይዞ ሊያነበው ይገባል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ከማዘዙ በፊትም ሰገራ ቢያስመረምር መልካም ነው፤ ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል በዚህ መድኃኒት ሽፋን በሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላልና።