ብቸኝነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ስለ ብቸኝነት ስንናገር ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁብን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሰው ፈቅዶ የሚገባበት ነው። የገዳም ትውፊታችን ይህን ብሕትውና ይለዋል፤ ቃሉም «ባሕቲቱ» (ብቻውን) ከሚለው ግእዝ ጋር ይዛመዳል። ባሕታዊ ከሰው ቢርቅም በጸሎት የሚያነጋግረው አለው። ሁለተኛው ሰው ሳይፈቅድ የሚወድቅበት፣ ይኸውም በሰው መካከል ሆኖ ሰሚ ማጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ ብቸኝነት የምንለው ይህን ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ብዙውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉም ብቸኞች ናቸው፤ የብቸኝነታቸውም ምንጭ ከጠባያቸው ይልቅ የሚኖሩበት ሥርዐት ነው። ሰብለ ወንጌል አሽከርና ገረድ በሞላበት ቤት ታድጋለች። ሆኖም አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ «በዘር አይመጥናትም» እያሉ ለጋብቻ የሚጠይቋትን ሁሉ ስለሚመልሱ ዕድሜዋ ያለ ጓደኛ ይገፋል። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ እሱ ባልገባው ቃል ታስሮ ይኖራል። ካሣ ደግሞ የሚያየውን ግፍ በግልጽ ስለሚናገር «ጉዱ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል፤ ቃሉም እንደ ዕብደት ይቈጠራል። አንዷን ማዕረግ፣ አንዱን ስለት፣ አንዱን ሐሳቡ ከሰው ለይቷቸዋል።

እነዚህን ሰዎች የሚያቀራርባቸው ምንድን ነው? በዛብህና ሰብለን ያገናኛቸው ትምህርት ነው። እሱ እንዲያስተምራት ይቀጠራል፤ አስተማሪና ተማሪ ሆነው አጠገብ ለአጠገብ መቀመጣቸው ሥርዐቱ የከለከለውን ጭውውት ይፈቅድላቸዋል። ሌላው ሰው እንደ ዕብድ የሚያየው ጉዱ ካሣም በእነሱ ዘንድ አስተዋይ መካሪ ነው። እንግዲህ ከፍቅሩም ከወዳጅነቱም በፊት የሚቀድመው መደማመጥ ነው ማለት ነው።

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይላል ተረታችን። ልብ ወለዱ ይህን አባባል አይሽረውም፤ ነገር ግን ያጠብቀዋል። በፊታውራሪ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሰብለን ግን አልፈወሳትም፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት የሚነገረውንና የማይነገረውን የሚወስነው ማዕረግ ነው። ዛሬም ዕድሩ፣ ማኅበሩና የቡናው ሰዓት ሰዎችን ይሰበስባሉ። ይሁንና ታናሹ በታላቁ ፊት፣ ሚስት በባል ፊት፣ ተማሪ በመምህሩ ፊት የልቡን መናገር ካልቻለ ተሰብስቦም ብቸኛ ነው። ስለዚህ ይህን ድርሰት የሚያነብ ሰው «ማን ማንን አፈቀረ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ማን ማንን ሰማ?» ብሎ ቢጠይቅ የታሪኩን ሥር ያገኘዋል።