የሽብር ወንጀል ችሎቶችና የዜና አዘጋገብ፦ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከአዋሽ ወደ ሚሌና ሰመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዳይቱ፣ ከኡንዱፎና ከገዳማይቱ ጋር በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የአዋሳኝ ጉዳይ ስሟ በተደጋጋሚ ሲነሣ ቆይቷል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሁለቱ ክልሎች አዋሳኝ በደረሰው ግጭት በርካታ ዜጎች ሕይወታቸውን ባጡበት ወቅት፣ የሁለቱም ክልሎች ኃላፊዎች ጥፋተኛው ሌላው ወገን መሆኑን ገልጸው ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ጣቢያ ብቻ የተከታተለ ሰው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ይዞ ሊቀር ይችል ነበር። በእንዲህ ዓይነት አካባቢዎች «መገናኛ ብዙኃን ያደላሉ» የሚል ቅሬታ መሰማቱ የሚያስገርም አይደለም።

ቅሬታው ይበልጥ የሚጎላው የሽብር ወንጀል ክሶች ለፍርድ ሲቀርቡ ነው። እነዚህን ክሶች በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመሆኑ፣ በርቀት የሚኖር ዜጋ ችሎቱን በአካል ለመከታተል ይቸገራል። ስለ ፍርዱ የሚኖረው ግንዛቤ በአመዛኙ ከዜና የሚገኝ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች ጉዳያቸው በግልጽ ችሎት እንዲሰማ መብት ይሰጣል። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የሀገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ክርክሩ በዝግ ችሎት ሊታይ ይችላል። ይኸው አንቀጽ ማንኛውም ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 29 በበኩሉ የፕሬስ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ መገናኛ ብዙኃንም የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። በመሆኑም ችሎትን መዘገብ መብት ነው፤ ከፍርድ በፊት መፍረድ ግን አይደለም።

ካለፈው ልምድ

በኅዳር 2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፣ በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኙ ዘጋቢ ፊልሞች በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላልፈዋል። ሁለቱም የቀረቡት በፊልሞቹ የተነሡ ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰው ጉዳያቸው በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ሳለ ነበር። በሁለተኛው ፊልም የቀረቡት የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት የቅጣት ውሳኔ የተሰጣቸው በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም ፊልሙ ከተላለፈ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ፊልሞቹ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብትን ጥሰዋል የሚል ብርቱ ቅሬታ አስነሥተዋል። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል።

ዜና ሲከታተሉ ልብ የሚባሉ ቃላት

«ተጠርጣሪ» ማለት ምርመራ የሚካሄድበት፣ «ተከሳሽ» ማለት ዐቃቤ ሕግ ክስ የመሠረተበት፣ «ጥፋተኛ» ማለት ደግሞ ፍርድ ቤት የወሰነበት ሰው ነው።

ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ ተከሳሹ «ይከላከል» የሚል ብይን ሊሰጥ ይችላል። ይህ ብይን አንዳንድ ጊዜ እንደ ጥፋተኝነት ውሳኔ ሲወሰድ ይታያል፤ ይሁንና ተከሳሹ የመከላከያ ማስረጃውን ገና አላሰማም። ነጻ ሊባልም ይችላል።

አንድን ድርጅት በሽብርተኝነት የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስያሜው ሊነሣ ይችላል፤ ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተሰይሞ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ስያሜው ተነሥቶለታል። የድርጅቱ መሰየም በአባልነት የተከሰሰን ግለሰብ ጥፋተኛ አያደርገውም፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ በማስረጃ ይታያል። በተመሳሳይ ድርጊት የአንዱን ማኅበረሰብ ታጣቂ «አሸባሪ»፣ የሌላውን «ያልታወቀ ኃይል» የሚል ዘገባም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ቅሬታ ያለው ዜጋ ምን ያድርግ?

1. የጣቢያውን ወይም የኅትመቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቅር ያሰኘውንም አባባል በትክክል ይመዝግብ፤ ቅጂ ካለ ያስቀምጥ።
2. በቅድሚያ ለመገናኛ ብዙኃኑ ዝግጅት ክፍል በጽሑፍ በማመልከት እርማት ወይም የመልስ ዕድል ይጠይቅ።
3. ምላሽ ካጣ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ዘርፉን ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ያመልክት። የሥነ ምግባር ጉዳዮችን ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤትም ማቅረብ ይቻላል።
4. ተከሳሽ ወይም ጠበቃ ዘገባው ፍትሐዊ የፍርድ ሂደትን ይጎዳል ብሎ ሲያምን ጉዳዩን ለሚያየው ችሎት አቤቱታ ያቅርብ።

የተጎጂ ቤተሰብ እውነቱ እንዲወጣ፣ የተከሳሽ ቤተሰብ ደግሞ ያልተፈረደበት ሰው በስሙ እንዳይቀጣ ይሻል። ሁለቱም ወገኖች ውሳኔውን በእምነት ሊቀበሉ የሚችሉት ሂደቱ ሳይዛባ ሲደርሳቸው ነው። ስለሆነም ዜጎች ዘገባን ለሌሎች ከማጋራታቸው በፊት ጉዳዩ በየትኛው የፍርድ ደረጃ ላይ እንደሚገኝ እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።