ልብ ስብ እንዲያቃጥል የሚያዘው ማን ነው?

የአዋቂ ሰው ልብ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከስኳር ሳይሆን ከስብ ነው። ማቃጠያው ማይቶኮንድሪያ ሲሆን ከልብ ጡንቻ ሴል አንድ ሦስተኛውን ያህል ቦታ ይይዛል።

ይህን ሥራ ከሚመሩት ጂኖች አንዱ ፒጂሲ-1 አልፋ የተባለውን ፕሮቲን ያስመርታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ቦስተን፣ በብሩስ ስፒገልማን ቤተ ሙከራ ተገኘ። ፕሮቲኑ ራሱ ዲኤንኤ ላይ አይጣበቅም፤ እንደ ፒፓር አልፋ ካሉ አጋሮቹ ጋር ተጣምሮ ስብ የሚያቃጥሉና ማይቶኮንድሪያ የሚያበዙ ጂኖችን ያነቃል።

ጂኑ የሚሠራው በልብ ብቻ አይደለም፤ ዳገት ስንወጣ በእግራችን ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ የጉልበት ማነስን የሚለየው ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይምም ይነቃል። ሁለቱም ይህን ጂን ያስነሱታል። በ2002 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በአይጦች ጡንቻ ውስጥ ሥራውን ሲያጠናክሩት፣ ቶሎ የሚደክመው ነጣ ያለ ጡንቻ ወደ ቀይና ድካም ቻይ ጡንቻ ተለወጠ። ዛሬም ያስደንቀኛል!

ልብ ሲደክም ግን ስብ አቃጣይ ጂኖቹ ይዳከማሉ፤ ልቡም እንደ ጽንስነቱ ዘመን ወደ ስኳር ያዘነብላል። ታዲያ ጂኑን ማብዛት ያድናል? በአይጥ ልብ ውስጥ ከልክ በላይ ሲሠራ ማይቶኮንድሪያው ያለ ቅጥ ተባዝቶ የሚኮማተሩትን ክሮች አበላሸ፤ ልቡም ሰፍቶ ደከመ። ስለዚህ ይህን ጂን «የሚያነቃ» ክኒን ሲተዋወቅ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትግዙ።