በእጅ ስለ ተሠራው የቤንትሌይ ኮንቲኔንታል አውቶሞቢል

በእንግሊዝ አገር ከተሠሩት አውቶሞቢሎች መካከል፥ የቆየ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ አር ታይፕ ኮንቲኔንታል የተባለው ባለ ሁለት በር ቤንትሌይ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1952 እስከ 1955 ዓመት የተሠራ ሲሆን፥ ለሙከራ የወጣው ሳይቀር ቍጥሩ 208 ብቻ ነው። ስለ ምን እንዲህ እንደ ተወደደ ለመረዳት የሚሻ አንባቢ አስቀድሞ አሠራሩን ይመልከት።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው የክብር መኪና የሁለት ቤት ሥራ ነበር። ሞተሩንና ሻንሲውን በክሩ ከተማ ያለው ፋብሪካ ያዘጋጃል፤ አካሉን ግን ሌላ ባለሙያ ያለብሰዋል። ከ208ቱ የ193ቱን አካል የሠራው ኤች ጄ መሊነር የተባለው የለንደን ቤት ነው። የዚህም ሙያ ሥሩ ከፈረስ ሠረገላ ሠሪዎች የመጣ ነው።

መሐንዲሶቹ ያሰቡት፥ አራት ሰው በምቾት ተቀምጦ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ መኪና ለመሥራት ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ጎማ በዚያ ፍጥነት ብዙ ክብደት አይችልም። ስለዚህ አካሉን ከአሉሚኒየም አደረጉት፤ ነፋስም እንዳይገታው ጣራው ወደ ኋላ ቀስ በቀስ እየወረደ እንዲሄድ አደረጉ። በሰሌዳው ፊደል ምክንያት «ኦልጋ» የተባለው የመጀመሪያው መኪና በ1951 ፓሪስ አጠገብ በሞንትሌሪ የውድድር መንገድ ተፈተነ።

የአሉሚኒየሙ ሉህ በሰው እጅ እየተቀጠቀጠ ስለሚቀረጽ፥ ሁለቱ መኪኖች በመልክ ቢመሳሰሉም ፍጹም አንድ አይደሉም። የአንዱ በር ለሌላው ሳይስተካከል ላይገጥም ይችላል። ይህ ሙያም ከዚያ በኋላ እያነሰ ሄደ፤ ሮልስ ሮይስ የመሊነርን ቤት በ1959 ገዛው፤ በ1965 ደግሞ ሻንሲውና አካሉ ባንድነት የተሠሩበት አዲስ ቤንትሌይ ወጣ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መኪና ከአባቱ የተረከበ ልጅ ከባድ ምርጫ ይጠብቀዋል። ሁሉን ቢያድሰው ያምራል፤ ነገር ግን የቀድሞው ሠራተኛ የእጁ ምልክት ይጠፋል። ምንም ሳይነካ ቢተወው ደግሞ ቆዳው ይቀደዳል፥ ብረቱም ይዝጋል። አስተዋይ ሰው ሊጠገን የሚችለውን ይጠግናል እንጂ ለመለወጥ አይቸኵልም፤ የለወጠውንም ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። ለልጁም ሲያወርስ መኪናውን ከነመዝገቡ ያስረክባል። ባለቤቱ የዕቃው ባለአደራ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።