የኮሌጅ ምስክር ወረቀት ዛሬም እንጀራ ያስገኛልን?

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ የሚታየውን ነገር አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። እናት ነጠላዋን አጣፍታ፥ አባት ከዘራውን ይዞ፥ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ መጥተው ልጃቸው ጥቁር ካባ ለብሶ ቆብ ደፍቶ ሲወጣ እልል ይላሉ። ፎቶግራፉም ተነሥቶ፥ በመስተዋት ተከቶ፥ ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይህ ደስታ የሚገባ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን መስከረም ጠብቶ፥ ጥቅምትም አልፎ፥ ልጁ ከቤት የዋለ እንደ ሆነ ጎረቤት «ልጅህ ሥራ ያዘ ወይ?» እያለ መጠየቅ ይጀምራል። ስለዚህ ጥያቄ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንነጋገር ይገባናል፤ የሚጠየቀው ልጁ ብቻ ሳይሆን በሬውን ሸጦ ያስተማረው ቤት ሁሉ ነውና።

ዲግሪ ያለው ሰው ወዲያው ሥራ ያገኛል የሚለው እምነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የባዕድ ቋንቋ የተማረ ልጅ አስተርጓሚ ወይም ጸሐፊ ሆኖ ከመሥሪያ ቤት ይገባ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። የተመራቂው ቍጥር ጥቂት፥ የመሥሪያ ቤቱ ጕድለት ብዙ ስለ ነበረ፥ በዚያ ዘመን ሰው ወንበርን ሳይሆን ወንበር ሰውን ይጠብቅ ነበር። በደርግም ዘመን መንግሥት ራሱ ተመራቂውን በየመሥሪያ ቤቱ ይመድብ ነበር፤ የመነሻ ደመወዙም 500 ብር ነበረ። ምድቡ ከሩቅ ጠረፍ የደረሰበት ወጣት ያጕረመርም ይሆናል እንጂ ሥራ አጣሁ ብሎ ከአባቱ ቤት አይመለስም ነበር። እንዲህ በመሆኑ በወላጆች አፍ ዲግሪና ሥራ አንድ ቃል ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያን እንጀራ ያስገኘው የወረቀቱ ኃይል ብቻ አልነበረም። አንደኛው የተማረው ሰው ጥቂት መሆኑ፥ ሁለተኛው መንግሥት ምደባውን በራሱ ላይ መውሰዱ ነበረ። ዛሬ ሁለቱም የሉም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፥ አሥመራ ከተለየች ወዲህ፥ በአገሪቱ የቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የአለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ፤ የግል ኮሌጆችማ በየመንገዱ ናቸው። ይህ መስፋፋት ክፉ ነበር የሚል ሰው ካለ፥ የገበሬ ልጅ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ እንዳያይ የሚሻ ይመስላል። ሆኖም ትምህርት ቤቱ በሰፋ መጠን ፋብሪካው፥ እርሻውና መሥሪያ ቤቱ አልሰፋም። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30ው የቀረውን ትምህርት ይማር የሚል ሥርዓት ወጣ፤ መሐንዲሱም በብዛት ተመረተ። ነገር ግን መሐንዲስ ብቻውን ድልድይ አይሠራም፤ ሲሚንቶና ብረት፥ ገንዘብም የሚያወጣ ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚህ የተነሣ ባለ ዲግሪዎች ተደራጅተው በየከተማው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ ታዩ። ሕዝቡም ቀለደበት። እኛ ቀልዱን አንወደውም፤ ድንጋይ ጠርቦ መንገድ ማንጠፍ የሚያሳፍር ሥራ አይደለምና፤ ዛሬ ጭቃ ሳንረግጥ የምንሄድበት ሰፈር ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ያን ሙያ በጥቂት ሳምንት የሚለምድ ወጣት 4 ወይም 5 ዓመት ሙሉ የተማረው ነገር ሳይነካ ተቀምጦ መቅረቱ ነው።

ሥራ ፈላጊው በየቀኑ የሚደርስበትን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከአራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ጥቂት ይቁም። ወጣቶቹ ቆመው እያነበቡ በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። «የትምህርት ደረጃ፥ የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚለውን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ ዝቅ ብሎ «የሥራ ልምድ፥ 2 ዓመት» የሚለው ሲመጣ መልሶ ይጠቍራል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የወጣ እንደ ሆነ ለአንድ ወንበር ብዙ መቶ ሰው ይሰለፋል። ከዚያም በኋላ ዘመድ ያለውና ዘመድ የሌለው ይለያያሉ፤ ይህንም አንባቢ ያውቀዋልና አናበዛም።

ቀጣሪው ልምድ የሚጠይቀው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን ማመን ስላቃተው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዘው ሲመጡ አንደኛው ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፥ ሁለተኛው አይችልም። መንግሥትም ይህን አይቶ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አስፈተነ፤ ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደረገ። ይህ ለወረቀቱ ክብሩን ይመልስለት ይሆናል፤ ሥራን ግን አይፈጥርም። ጐተራው ባዶ ከሆነ ወንፊቱን ማጥበቅ ዱቄት አያበዛም።

ሥራ ያገኘውስ? በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የባለ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። ቍጥሩ ከ500 ብር ጋር ሲተያይ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ አንዲት ክፍል የተከራየ፥ ታክሲ የሚከፍልና ምሳ የሚበላ ሰው ከወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ያልቅበታል። የ500 ብሩ ባለ ደመወዝ ታናናሾቹን ያስተምር ነበር።

እንግዲህ ልጃችንን ከኮሌጅ እናስቀር ወይ የሚል ወላጅ ይኖራል። አይደለም። ሒሳብ የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ፥ የኮምፒዩተርን ቋንቋ በእውነት የተማረ፥ ኤሌክትሪክ የሚጠግን መሐንዲስ፥ ዛሬም ይፈለጋል፤ ደግሞም ዲግሪ ሳይኖር ብዙ ደጃፍ ጭራሹን አይከፈትም። ነገር ግን ወላጅ ልጁን «ምን ትማራለህ?» ብሎ ብቻ አይተው፤ «ስትጨርስ ምን መሥራት ትችላለህ?» ብሎ ይጨምር። ይህን ለመመለስ የማይችል የ3ኛ ዓመት ተማሪ ገና ጊዜ ሳለው ሊታሰብለት ይገባል። ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤትንም ለወደቁ ልጆች እንደ ተሠራ መጠጊያ መቍጠር ይቅር፤ ብየዳ የሚያውቅ ልጅ ብዙ ጊዜ ከባለ ዲግሪ ወንድሙ ቀድሞ ቤት ይከራያል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ይቀራል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ዕዳው ሳያልቅም ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም። ስለዚህ በውሉ ላይ ስንት ብር እንደ ተጻፈ አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው።

በቤት ውስጥ የሚደርሰው ግን ከዕዳው ይከብዳል። ልጁ ጧት ተነሥቶ የሚሄድበት የለውም፤ እናቱ ለቡና ጎረቤት ስትጠራ ከጓዳ ይሸሸጋል። ትንሽ ሱቅ ልክፈት፥ ሞተር ብስክሌት ልንዳ ቢል አባቱ «እኔ ያስተማርሁህ ለዚህ ነውን?» ይለዋል። ይህ ቃል ከሥራ ማጣቱ ይልቅ ልጁን ይሰብረዋል። ሴቷን ልጅ ደግሞ፥ ሥራ ሳትፈልግ ገና፥ «ባል አግቢ» ማለት ይጀመራል፤ ዲግሪዋን ከሻንጣ ከትታ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሄደችም አለች። አባት ልጁ የጀመረውን ትንሽ ሥራ ሊያከብርለት ባይችል፥ ቢያንስ በእንግዳ ፊት አይንቀፍበት።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ማኅተም በእጃቸው ያለ ሹማምንት ስለ ሆኑ ለእነርሱም አንድ ልመና አለን። ተማሪዎች ሳይመረቁ ለጥቂት ወራት ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤቶች ይላካሉ። በብዙ ስፍራ ግን የሚሠሩት አጥተው ወንበር ላይ ይውላሉ፥ ፎቶ ኮፒ ያነሣሉ፥ በመጨረሻም «በትጋት ሠርቷል» የሚል ደብዳቤ ተጽፎ ይሰጣቸዋል። ያው መሥሪያ ቤት በዓመቱ የ2 ዓመት ልምድ ያለው ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ያውጃል። በሚመጣው ክረምት ልጆቹ ሲመጡ ለእያንዳንዱ አንድ እውነተኛ ሥራ፥ አንድም የሚጠይቀው አለቃ ይሰጠው፤ የተሠራውም ነገር በደብዳቤው ላይ በስሙ ይጻፍለት። በሚወጣውም ማስታወቂያ ያ ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ ይቈጠርለት።